ከጨዋታው የወጣው መዘግየት

ይሄን የማወራላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። እኔም ካንዳችሁ ብሰማው "ሂድ ወዲያ" ነበር የምለው።

ግን ሆኗል። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር፣ ባለፈው ጥር። የጀመረውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ወለል ብላ፣ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሲሞቃት ነው። ሰው የሚያስፈራ ነገር ሲመሽ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ይሄኛው እስኪመሽ አልጠበቀም።

የደረሰው በጓደኛዬ በረሺድ ላይ ነው። እኔ ሄኖክ እባላለሁ፣ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ ቀን እኔም እዚያ ቤት ነበርኩ፤ ያየሁትን ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ሌላውን የነገረኝ ራሱ ረሺድ ነው። ሲነግረኝ አንድ ቦታ ይደርስና ዝም ይላል። ደግሜ ስጠይቀውም እዚያው ቦታ ላይ ዝም ይላል። እኔም እዚያው ላይ አቆማለሁ።

ረሺድ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነው። እናቱ ፈሂማ ለሕክምና ብላ ከአሊዩ አምባ ወደ ደጋ ከወጣች ጀምሮ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። በነገራችን ላይ፣ መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን "አንቱ" ብላቸው "ስንት ዓመቴ መስሎህ ነው?" ብለው ስለተቆጡኝ፣ እዚህም በፈቃዳቸው "እሷ" እያልኩ ነው የምተርከው።

ልቧ ደክሞ ነበር። ሐኪሙ አንድ ዓይነት ክኒን ሰጥቶ ረሺድን አስጠነቀቀው።

"ደረቷን ሲይዛት ከምላሷ ሥር አድርግላት። ግን ቶሎ ነው። ከዘገየህ ጥቅም የለውም።"

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ መሃሉ በቺፑድ የተከፈለ። እሷ ከወዲያ ትተኛለች። እሱ ከወዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ክኒኑን ራሷ ከማሸጊያው ማውጣት አትችልም፤ ለመጣራትም ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ሲይዛት ቺፑዱን በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች።

ኳ... ኳ።

እሱ ይሮጣል። ኑሯቸው ይኼው ነበር።

ይቺ ሴት ግን እጇ ሳይደክም በፊት በአሊዩ አምባ የታወቀች ድቤ መቺ ነበረች። በመውሊድ ሴቶቹ ተሰብስበው መንዙማ ሲሉ ድቤውን የምትይዘው ፈሂማ ናት። ረሺድ ገና እንደመጣች፣ እጇ ሳይብስበት፣ ድቤዋን በስልኩ ቀርጾላት ነበር። ቀረጻውን ታዲያ ምን አደረገው? ከኢንተርኔት ባወረደው ጨዋታ ውስጥ አስገባው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ከስክሪኑ አናት ላይ ክቦች ይወርዳሉ። ታች ያለው መስመር ላይ ሲደርሱ ድቤው ይመታል፣ አንተም እኩል ቁልፍ ትጫናለህ። ከተመታው ጋር ከገጠምክ "እሰይ" ይላል። ከዘገየህ "አመለጠህ" ይላል። ረሺድ ጽሑፉን ሁሉ አማርኛ አድርጎታል።

"እጄን ኮምፒውተር ውስጥ ከተትከው?" አለችው ስታየው፣ እየሳቀች።

"አዎ እማ። እዚህ ውስጥ አይደክምም።"

አንድ ችግር ግን ነበረው። ድቤው ይዘገያል። ክቡ መስመሩን ካለፈ በኋላ ነው "ድም" የሚለው። ትንሽ ናት፣ የሰከንድ ቅንጣት። ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ ቅንጣቷ ሁሉን ነገር ታበላሻለች።

ደወለልኝ።

"ብሉቱዝ ማዳመጫ ነው ያደረግከው?" አልኩት።

"አዎ።"

"እሱ ነው። ብሉቱዝ ያዘገያል። ባለ ገመድ ሰካ።"

ሰካ። ትንሽ ተሻለው፣ ግን አልጠፋም።

ጨዋታው ውስጥ የድምፅ ማስተካከያ ገጽ አለ። እዚያ ቁጥር ትሞላለህ፤ ድምፁ በዘገየው ልክ ክቦቹም እንዲዘገዩ ያደርጋቸዋል፣ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። እንዲሞላ ነገርኩት። አንድ ነገርም አስጠነቀቅኩት።

"እየተጫወተ ሳለ ቁጥሩን እንዳትነካ። ድምፁ ይዘልና መሃሉን ይበላዋል።"

ሞላው፣ ገጠመ። በማግስቱ ጠዋት ሲከፍተው እንደገና ዘግይቶ ጠበቀው። ከትናንቱም ብሶ።

"ዘፈኑ በሄደ ቁጥር እየባሰ ይሄዳል?" ብዬ ጠየቅኩት። እንደዚያ ከሆነ ቀረጻው ነው ችግሩ።

"አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው የሚዘገየው። ግን ሲያድር ይጨምራል።"

"ሲያድር የሚጨምር መዘግየት አላውቅም ረሺዴ።"

እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ያደረ እንጀራ ሲደርቅ አውቃለሁ። ያደረ ኮምፒውተር ላይ መዘግየት ሲበቅል ግን ሰምቼም አላውቅ።

ረሺድ እልኸኛ ነው። የድምፅ ካርዱን ፕሮግራም አውጥቶ እንደ አዲስ ጫነ። ሌላ ስፒከር ተዋሰ። በየቀኑ ቁጥሩን ከፍ አደረገው።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታዲያ... ገጠመ።

መግጠም ብቻ አይደለም። ክቡና ድቤው አንድ ሆኑ። እሰይ... እሰይ... እሰይ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንዲት አላመለጠችውም። ማዳመጫውን አውልቆ ብቻውን ሳቀ።

ያኔ ነው የሰማው።

ኳ... ኳ።

ሮጦ ገባ። እናቱ ግድግዳው ጋ አልነበረችም። ተጋድማ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጋለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ክኒኑን አጎረሳት። ቀስ በቀስ ፊቷ ተመለሰ።

"ምነው ዘገየህ ልጄ?"

"አሁን ነው የሰማሁት እማ።"

"አሁን?" አለች። "አንኳኩቼ፣ ጠብቄህ፣ ደክሞኝ ተጋደምኩ እኮ።"

ማዳመጫው ነው የከለለኝ ብሎ አሰበ። ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ።

በማግስቱ ማዳመጫ አላደረገም። መሃል በሩን ከፍቶ ከኮምፒውተሩ ጀርባ እያያት ተቀመጠ።

እጇን አነሳች። ቺፑዱን መታችው።

ምንም የለም።

ደግማ መታችው። እጇን መለሰች። ብርድ ልብሱን ሳበች።

ኳ... ኳ።

ረሺድ እጇን አየ፣ ቺፑዱን አየ። ያየው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባለት አለ። ተነስቶ ክኒኑን ሲሰጣት እናቱ ቀልድ ቢጤ ጣል አደረገች።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንተም እንደዚያው ሆንክ።"

ከንፈሯ "ሆንክ" ብሎ ከቆመ በኋላ ነበር ድምፁ የደረሰው።

ቅዳሜ ጠርቶኝ ሄድኩ። እንግዲህ በዓይኔ ያየሁት ይሄ ነው።

ስልኬን አውጥቼ በዝግታ የሚቀርጸው ላይ አደረግኩት። "እስቲ አንኳኪ እማ" አላት ረሺድ። አንኳኳች። ቪዲዮውን ሁለታችንም አየነው። አንጓዋ ቺፑዱን ነካ... ቆዳዋ ተጨማደደ... እጇ ተመለሰ... ኳ።

እኔ ተነስቼ እዚያው ቦታ ላይ አንኳኳሁ። ወዲያው ተሰማ። ረሺድም አንኳኳ። ወዲያው ተሰማ።

የሚዘገየው የእሷ ብቻ ነበር።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያፋጥጣችሁ?" አለችና ሳቀች። አፏ ሲከፈት፣ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየን። ዝም ያለ ሳቅ። አፏን ገጥማ ሻይዋን ካነሳች በኋላ ሳቁ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ።

ለእሷ ግን ምንም አልተለየባትም። ራሷን የምትሰማው እንደ ወትሮው ነው።

ወደ ወዲህኛው ክፍል ወጥተን በሹክሹክታ አወራን።

"ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሰው" አልኩት።

መለሰው። ጨዋታው እንደ ድሮው መዘግየት ጀመረ። እሷ ግን አልተመለሰችም። ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ አጠፋነው። ያኔ ባሰባት። መልሰን ጫንነው። አሁንም ባሰባት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው የሆነብን። በኮምፒውተር ነገር ተስፋ ቆርጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ቆረጥኩ።

"ከጨዋታው ያወጣሁት መዘግየት..." አለ ረሺድ፣ ዓይኑን ከመሃል በሩ ሳይነቅል። "የት ሄደ ብለህ ነው?"

አልሸሹም ዞር አሉ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እኔ ግን ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ፣ ከዚያ በኋላም ያንን ደጃፍ አልረገጥኩም። ፈሪ በሉኝ፣ ግድ የለም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው።

መዘግየቱ በየቀኑ ጨመረ። መጀመሪያ ጥያቄ ጠይቀሃት እስክትመልስ ጫማህን ታስራለህ። ቀጥሎ ሻይ ታፈላለህ። ቀጥሎ ሱቅ ደርሰህ ትመለሳለህ። አክስቱ ሰሊሃ ከአሊዩ አምባ ልታስታምም መጣች። ገና ሳትቀመጥ ነገሩን አይታ ከነጠላዋ ጋር ግድግዳ ላይ ተለጠፈች።

"ይሄ የጂን ሥራ ነው" አለች በቀስታ። "ሼሁን ጥሩልኝ።"

ሼህ ዓብዱራህማን፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ መጥተው ቁርዓን ቀሩባት። ቁርዓኑ በሚቀራበት ሰዓት ሰላም ሆነች። እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ "አሚን" ስትል ተሰማች።

ረሺድን የሰበረው ግን ማንኳኳቱ አልነበረም። ፍራሹን እሷ ክፍል አስገብቶ ፊቷን እያየ ስለሚውል ደረቷን ሲይዛት ያውቃል፣ ክኒኑንም በጊዜ ይሰጣታል። የሰበረው ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ እሷ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ጠዋት የተናገረችው ይደርሳል።

"ረሺድ... ምነው ዝም አልከኝ?"

"ተቀየምከኝ እንዴ ልጄ?"

ይቀሰቅሳትና "አልተቀየምኩሽም እማ፣ ድምፅሽ ነው የሚዘገየው" ይላታል። ትሰማዋለች። መልሷን ግን ከንፈሯ ላይ ብቻ ያየዋል። ከንፈር ማንበብ ደግሞ አይችልም። ራሷን በመነቅነቅና በእጇ በማሳየት መግባባት ጀመሩ። በእጇ ልታሳየው የማትችለው ነገር ሁሉ ውስጧ ቀረ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደረቷን ያዛት፣ እንደ ልማዷ ቺፑዱን መታችው።

ሰሊሃ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ረሺድ ክኒኑን አጎረሳት። ጠበቀ። ፊቷ አልተመለሰም። ሌላ ጨመረላት። አሁንም አልተመለሰም።

መጋረጃውን በጣቷ አሳየችው። ከፈተው። ፀሐይዋ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀች። እናቱ ዓይኗን ጨፍና ሞቀቻት።

ያኔ ገባው። ይቺ ሴት እየሄደች ነው።

በእስልምና ሰው ከዱንያ ሲወጣ የመጨረሻ ቃሉ ከሊማው እንዲሆን ይወዳሉ። "ላ ኢላሀ ኢለላህ"። አጠገቡ ያለ ሰው በቀስታ ያስታውሰዋል፣ ሲል ይሰማዋል፣ ለቤተሰብም ይመሰክርለታል። ለሟች ትልቅ ነገር ነው። ለሚቀሩትም ዕድሜ ልክ የሚጽናኑበት ነው።

ረሺድ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ።

"ላ ኢላሀ ኢለላህ በይ እማ።"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

አለች? ወይስ ውሃ ነው የጠየቀችው? ወይስ ስሙን ነው የጠራችው? አያውቅም። የሚሰማው ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ እሷ የለችም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጨዋታው ያለበትን ላፕቶፕ ጎትቶ አልጋው ላይ አወጣው። ጨዋታውን ከፈተው፣ ድቤው መምታት ጀመረ። ማስተካከያውን ከፈተና ቁጥሩን ወደ ላይ ገፋው። ምናልባት ድምፁን ይጎትተው ይሆናል... ገፋው... እንደገና ገፋው...

እጇ መጥቶ አንጓውን ያዘው።

"ቆይ እማ፣ አንዴ" አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ቀና ሲል ከንፈሯ ቆሞ ነበር።

ሰሊሃ እጇን ሳታደርቅ ሮጣ ገባች። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን" አለችና አልጋው ሥር ተንበረከከች። ቆይታ ቀና ብላ አየችው።

"ከሊማውን ብላለች?"

"ብላለች።"

ሼህ ዓብዱራህማንም መጥተው ጠየቁት። "በጆሮህ ሰምተሃል ልጄ?"

"ሰምቻለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀለል አለው። ከረሺድ በቀር።

በእነሱ ዘንድ ጀናዛ፣ አስከሬኑ ማለት ነው፣ አይውልም። ሴቶቹ አጠቧት፣ ከፈኗት። ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ተሰገደባትና ቀብሯ ተፈጸመ። ከመቃብሩ ሲመለሱ ሼህ ዓብዱራህማን የረሺድን ክንድ ይዘው ነበር የሚራመዱት።

"ቀስ ብለህ ርገጥ" አሉት። "ሟች የሸኚዎቹን ኮቴ ይሰማል። ሁላችንም ስንርቅ ነው ጠያቂዎቿ፣ ሁለቱ መላእክት፣ የሚመጡት። የምትመልሰውን ይዛለች፣ አይዞህ።"

የአስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት ተቀመጠ። ወንዶቹ በወዲህኛው ክፍል፣ ሴቶቹ በረንዳው ላይ። የእናቱ ክፍል ባዶ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሎ ተነስቷል።

ኳ... ኳ።

ሲያወሩ የነበሩት ወደ ባዶው ክፍል ዞሩ።

ኳ።

"ማነው እዚያ ያለው?" አለ አንድ ሰው።

ከዚያ በባዶው ክፍል ውስጥ የፈሂማ ድምፅ ተሰማ፤ ደከም ያለ፣ ጥርት ያለ።

"መጋረጃውን ክፈትልኝ ረሺድ... ፀሐይ ልይ።"

በረንዳ ላይ ሴቶቹ ተንጫጩ። አንዱ ወንድ ጫማውን ሳያደርግ ወጣ። ረሺድ ግን እጁን አነሳ።

"ዝም በሉ... እባካችሁ ዝም በሉ። አሁን ይመጣል።"

ተስፋ አድርጎ ነበር። ቃሏ ከመጣ ውሸቱ እውነት ይሆናል። ሁሉም ይሰማሉ። እሱም ይሰማል። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ቀጥሎ የመጣው ግን የእሷ ድምፅ አልነበረም። የራሱ ነበር።

"ላ ኢላሀ ኢለላህ በይ እማ።"

ያኔ ነው የገባው። ከሞተች ወዲህ የሚመጣው እሷ የተናገረችው ብቻ አይደለም። እሷ የሰማችውም ነው።

ሼህ ዓብዱራህማን ወደ ቺፑዱ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሰሊሃ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፈሂማ ትንፋሽ ስትስብ ተሰማ... ረጅም ትንፋሽ...

ጭርር።

ከዚያ የሰሊሃ የራሷ ጩኸት። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ..."

ድምፁ ዘሎ ነበር። መሃሉ የለም። ረሺድ ቁጥሩን በገፋበት ቦታ ላይ ቃሏ ተበልቷል።

ሼሁ ቀስ ብለው ዞረው አዩት።  እሱም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ረሺድ ይችለው ነበር። አላለቀም።

ውሃ ሲንቆረቆር ተሰማ። በባልዲ ተቀድቶ የሚፈስ ውሃ። የሴቶች ሹክሹክታ፣ የሰሊሃ ለቅሶ። ከዚያ ፈሂማ፣ ግራ በገባው ድምፅ...

"ሰሊሃ... ውሃው በረደኝ።"

ሰሊሃ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። እህቷን ያጠበችበት እጅ ነው። ተነስታ በረንዳውን አልፋ በግቢው በር ወጣች፣ ጫማዋም እዚያው ቀረ።

ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተነሱ። ማንም ማንንም አልተሰናበተም።

ሼህ ዓብዱራህማን እስከ መጨረሻው ቆይተው ቁርዓን ቀሩ። የከፈኑ ጨርቅ ሲቀደድ ሲሰማ ግን እሳቸውም መጽሐፋቸውን አጠፉ።

"ና እንሂድ ልጄ። ይሄ የሚሰማ አይደለም።"

"እኔ አልሄድም።"

"ምን ልታደርግላት ትችላለህ?"

"ምንም" አለ ረሺድ። "ግን ብቻዋን ናት።"

ሄዱ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ረሺድ ባዶው ክፍል ገብቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለቺፑዱ ሰጥቶ። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ የመግሪብ አዛን ሊባል ነው። የሚመጣውን በቅደም ተከተል ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራው የዋለ ነው። ከፈኑ ቀጥሎ መኪናው ነው። ከመኪናው ቀጥሎ ሰላቱ። ከሰላቱ ቀጥሎ...

"ረሺድ የት ነው?" አለች።

"አለሁ እማ።"

እንደማይደርሳት ያውቃል። ግን መለሰላት።

መኪናው ተነሳ። በድንጋዩ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ተሰማ። የወንዶቹ "አላሁ አክበር" መጣ፣ የራሱም ድምፅ መሃላቸው ነበረበት።

"ለምን አይመልስልኝም?" አለች።

"እየመለስኩልሽ ነው እማ። አይዞሽ።"

አካፋ መሬት ገባ። አፈር ወደቀ። መጀመሪያ ጎልቶ፣ ከዚያ እየታፈነ፣ እየራቀ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ትንፋሿ ብቻ ነበር። ረሺድ ጉልበቱን አቅፎ አለቀሰ፣ ድምፁን ውጦ፣ እንዳያመልጠው።

አካፋው ቆመ።

ኮቴ ተሰማ። ብዙ ኮቴ፣ ከላይ፣ እየራቀ። ከመሃላቸው ቀስ ብሎ የሚረግጠውን ጫማ ለየው። የራሱ ነው። ትቷት እየሄደ ነው።

ከዚያ ዝምታ።

ደብረ ብርሃን ላይ ንፋሱ እንኳ ቆሞ ነበር ይላል ረሺድ።

ከዚያ... የሚመጣ ኮቴ።

የሁለት ሰው ነው። አይቸኩልም። መጥቶ ቆመ። አንድ ድምፅ የሆነ ነገር ጠየቀ። ቋንቋው ምን እንደሆነ ረሺድ አላወቀም፣ ጥያቄ መሆኑን ግን አውቋል።

እናቱ በፍርሃት ትንፋሽ ሳበች።

"ብያለሁ" አለች።

ድምፁ ደግሞ ጠየቀ።

"ብያለሁ እኮ። ልጄ አጠገቤ ነበር፣ ሰምቶኛል።" አሁን አልፈራችም። በልጇ የተማመነች እናት አነጋገር ነው። "እሱን ጠይቁት።"

ረሺድ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ኮቴው ተነሳ።

መጀመሪያ ከዚያው፣ ከሚታፈነው ቦታ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግቢው ውስጥ ሆነ። ጠጠሩን ረገጠ። በረንዳው ላይ ወጣ፣ ከሰሊሃ ጫማ አጠገብ ቆመ።

ረሺድ የወዲህኛውን ክፍል በር በመሃል በሩ አሻግሮ አየው። የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ። ሲንቋቋ ሰማው።

እጀታውና ድምፁ እኩል ነበሩ።